ሰባት ሳንቲም ተኩል ቀልድ አይደለም

ሙዚቃዊ ኮሜዲ ለጨዋታ እንጂ ለቁም ነገር አይሆንም የሚል ፍርድ በተውኔት ተቺዎች ዘንድ ሥር ሰድዷል። ዘፈንና ጭፈራ የበዛበት ሥራ ሁሉ ሳይመረመር «ቀላል» ይባላል። ይህ የስንፍና ፍርድ ነው። «ዘ ፒጃማ ጌም» የተባለው ሙዚቃዊ ኮሜዲ ለማስረጃ ይበቃል።

ተውኔቱ በብሮድዌይ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በግንቦት 1954 ነው። ያኔ የኮሚኒስት አሳዳጁ የሴናተር ጆሴፍ ማካርቲና የአሜሪካ ጦር ሠራዊት ሙግት በቴሌቪዥን ይተላለፍ ነበር፤ በኮሚኒስትነት የተጠረጠረ እንጀራውን ያጣ ነበር። ከሁለቱ አዘጋጆች አንዱ፣ ጀሮም ሮቢንስ፣ ከዓመት በፊት በኮንግረሱ መርማሪ ኮሚቴ ፊት ቀርቦ የሙያ ባልደረቦቹን ስም አሳልፎ ሰጥቷል። የሠራተኛ ማኅበር ትግል መድረክ ላይ የወጣው በዚህ ፍርሃት መካከል ነው።

በታሪኩ የአንድ የአዮዋ ፒጃማ ፋብሪካ ሠራተኞች በሰዓት 7 ሳንቲም ተኩል ጭማሪ ይጠይቃሉ። አሠሪው እምቢ ሲል ሆን ብለው ሥራ ያጓትታሉ። የማኅበሩ የቅሬታ ኮሚቴ መሪ ቤብና አዲሱ የፋብሪካ ኃላፊ ሲድ ተዋደዋል፤ የፋብሪካውን ማሽን ስታበላሽ ግን ከሥራ የሚያባርራት እሱ ራሱ ነው። ፍቅራቸውን የሚፈትነው ምቀኛ ሳይሆን ደመወዝ ነው። በመጨረሻ ሲድ የሒሳብ መዝገቡን ሲገልጥ አለቃው ጭማሪውን ቀድሞ በምርት ወጪው ላይ ደምሮ ለራሱ ሲያስቀር መክረሙን ይደርስበታል።

ደራሲው ሪቻርድ ቢሰል ይህን ዓለም ያውቀው ነበር፤ ተውኔቱ የተመሠረተበትን ልብ ወለድ የጻፈው አዮዋ ውስጥ በቤተሰቡ ፒጃማ ፋብሪካ ከሠራ በኋላ ነው። ከሌላው አዘጋጅ ከጆርጅ አቦት ጋር ለመድረክ አበጀው። የዘፈኖቹ ደራሲዎች ሪቻርድ አድለርና ጄሪ ሮስ ደግሞ ሠራተኞቹ ያቺ ጥቂት ሳንቲም በዓመታት ስንት እንደምትሆን እያሰሉ እንዲዘፍኑ አደረጉ። ቀዝቃዛውን የደመወዝ ስሌት የሕዝብ ደስታ ማድረግ ቀላል ጥበብ አይደለም። ተውኔቱ 1,063 ጊዜ ታየ።

ዛሬ ግን ስለ ተውኔቱ ሲወራ ቀድሞ የሚነሣው፣ ተዋናይቷ ካሮል ሄኒ ስትጎዳ ተተክታ የተጫወተችው ሸርሊ ማክሌን እንዴት ለፊልም እንደታጨች ነው። የኮከቧ ወግ የሠራተኞቹን ጥያቄ ጋረደው።

መፍትሔው ከሠራተኞቹ ትግል ይልቅ ከኃላፊው እጅ መምጣቱ የተውኔቱ እውነተኛ ድክመት ነው። ይህን ድክመት የሚያየው ግን ታሪኩን በቁም ነገር የተከተለ ተቺ ብቻ ነው። ገና ዘፈኑ ሲጀመር ፍርዱን የጨረሰማ ድክመቱንም ብርታቱንም አላየም። እንግዲህ ተቺ ሆይ፣ ሳቅን ከመናቅህ በፊት የሚያስቁህ ሰዎች ምን እየጠየቁ እንደሆነ ስማ።