ከድንኳኑ በፊት ገመዱ

እኛ አካባቢ እርቅ አያልቅም። መጋቢትና ሚያዝያ 2013 አጣዬ ሲቃጠል፣ ጥር 2015 ደግሞ ከሰንበቴ እስከ አጣዬ ተኩሱ ሲያገረሽ፣ ከአማራ ክልሉ ሰሜን ሸዋም እዚያው ክልል ካለው ከእኛ ከኦሮሞ ብሔረሰብ ዞንም ሽማግሌ ወጥቷል፣ ድንኳን ተተክሏል፣ በሬ ታርዷል። አልነቅፍም፤ የደም ነገር ሽማግሌ ይፈልጋል። ግን አንድ ገበሬ እጁን አውጥቶ «የግጦሹስ ነገር?» ያለ እንደሆነ ከመድረክ የሚመጣው መልስ አይለወጥም፦ «እሱ በሂደት ይታያል።»

«በሂደት» ምን እንደሚያመጣ ፍልስጤምን ማየት ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1993 የተፈረመው የኦስሎ ስምምነት ድንበሩን፣ ሰፈራውን፣ ኢየሩሳሌምንና የስደተኞቹን ጉዳይ ለመጨረሻው ድርድር አቆየው። በ1995 ዌስት ባንክ ኤ፣ ቢ፣ ሲ ተብሎ ለጊዜው ተከፈለ፤ አሁን 60 በመቶ ገደማ የሚሆነው «ሲ» በእስራኤል እጅ ቀረ። ያ «ለጊዜው» ይኸው እስከ ዛሬ አለ። ኦስሎ ሲፈረም ከምሥራቅ ኢየሩሳሌም ውጭ በዌስት ባንክ የነበሩት ሰፋሪዎች 110 ሺህ ገደማ ነበሩ፤ አሁን ግማሽ ሚሊዮን ያህል ሆነዋል። በ2000 ሁለቱ ወገኖች ካምፕ ዴቪድ ላይ ስለ መሬቱ ሊነጋገሩ ሲቀመጡ፣ ኮረብታው ላይ ቤቱ ተሠርቶ፣ መንገዱ ወጥቶ፣ ልጅ ተወልዶበት ነበር።

የእኛ ጉዳይ ከዚያ ጋር አንድ ነው አልልም። እዚህ ያዥና ተያዥ የለም፤ አንድ ክልል፣ አንድ የመሬት ሕግ ነው ያለን። ሰንበቴ ያለ ሰው ወደ ዞኑ ከተማ ወደ ከሚሴ ሲሄድ የሰሜን ሸዋዋን አጣዬን አቋርጦ ነው። እሑድ እሑድ ሰንበቴ ገበያ ላይ አፋሩም፣ አርጎባውም፣ አማራውም፣ ኦሮሞውም ይገበያያል (ዋጋ ላይ ግን ማንም ለማንም አይራራም)። የሚመሳሰለው የመሬቱን ጥያቄ ማቆየቱ ነው።

በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ አጋማሽ አረንጓዴው የይዞታ ደብተር ሲታደል የቀበሌያችን የመሬት ኮሚቴ አባል ነበርኩ። ገመድ እንጎትታለን፣ ጸሐፊው አራቱን አዋሳኝ ይመዘግባል፦ በምሥራቅ እከሌ፣ በምዕራብ መንገድ፣ በደቡብ ወንዝ። ጠርዝ ላይ ስንደርስ «በሰሜን የወል ግጦሽ» ብሎ ዘጋው። የማን ወል? የማዶው ወረዳ ኮሚቴም በራሱ በኩል ለክቶ «በደቡብ የወል ግጦሽ» ብሎ እንደጻፈ በኋላ ሰማን። መሃል ያለው መሬት በሁለቱም መዝገብ አዋሳኝ ሆነ፣ በአንዱም ባለይዞታ አልተጻፈለትም። ከዚያ ወዲህ በየክረምቱ ከሁለቱም በኩል እርፍ ይገፋዋል፤ ማሾ ዋጋ ካወጣ ጀምሮማ ግማሽ ጥማድ የሚንቅ የለም። አንዱ ያርሳል፣ ሌላው ግራር ቆርጦ ጎጆ ያቆማል፣ ከብት ማሽላ ውስጥ ይገባል። ጠዋት የሁለት ጎረቤት ጠብ የነበረው ማታ የብሔር ይሆናል።

ሁሉም ደም በመሬት ፈሰሰ ማለቴ አይደለም፤ መሣሪያውም ፖለቲካውም አለ። «ቁስል አትነካኩ» የሚሉ ሰዎችም ስጋታቸው ይገባኛል። ግን ሳይነካ የቆየው ቁስል ሁለት ጊዜ እንዳመረቀዘ አይተናል። ክልሎች በወሰን ቢጣሉና ባይስማሙ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 48 የፌዴሬሽን ምክር ቤት በሁለት ዓመት ውስጥ ይወስን ይላል። እኛ አንድ ክልል ውስጥ ያለን ሁለት ዞኖች ስለሆንን ያ የጊዜ ገደብ አያገኘንም። የክልሉ ምክር ቤት ለራሱ ቀን ይቁረጥ።

ከዚያ የሁለቱም ወገን ኮሚቴ በጥር፣ ማሽላው ከተነሳ በኋላ፣ በአንድ ገመድ አብሮ ይለካ፤ ወሰኑን የሚያውቁ አዛውንቶች ከፊት ይሂዱ። የተፈናቀሉት ይዞታ አስቀድሞ ይመዝገብ፣ ባለቤቱ በሌለበት መሬቱ ወደ ሌላ ስም አይዙር። እስከዚያ ድረስ በመሃሉ መሬት ላይ ከየትኛውም ወገን አዲስ እርሻም አዲስ ጎጆም አይኑር። ድንኳኑ ከልኬታው በኋላ ይተከል፤ ለበሬው እኔም አዋጣለሁ።