የአዋሽ የባቡር ድልድይና የቡናው አገር መሻገሪያዎች

አዋሽ ሰባት ኪሎ አጠገብ ጥልቁን ገደል ተሻግሮ በቆመው አሮጌ የብረት ድልድይ ላይ ዛሬ ባቡር አያልፍም። ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ ያለው የቀድሞው መስመር ሥራ ካቆመ ዓመታት አልፈዋል፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ ሐዲድም የራሱ መሻገሪያ አለው። ሚዛን ተፈሪና ቴፒ ከአዋሽ እጅግ ይርቃሉ። ይሁን እንጂ የዚህ ድልድይ ታሪክ ለደቡብ ምዕራቡ ቡና አምራች ገበሬ ባዕድ አይደለም።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት ፈቃድ መስመሩን በሦስት ይከፍለዋል፤ ከጅቡቲ እስከ ሐረር፣ ከሐረር እስከ እንጦጦ፣ ከእንጦጦ እስከ ከፋና ነጭ ዓባይ። ከፋ በምኒልክ ጦር የተያዘው ከዚያ በኋላ መሆኑን ልብ ይሏል። አገሩ ገና ሳይያዝ ስሙ በባቡር ውል ላይ ሰፍሮ ነበር። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ፤ ሐዲዱ ተራራውን ፈርቶ ሐረርን ወደ ጎን ትቶ በ1895 ድሬዳዋ፣ በ1909 አዲስ አበባ ደረሰና እዚያው ቆመ። ሦስተኛው ክፍል አልተሠራም። የምዕራቡ ቡና በአጋሰስ ተጭኖ ወደ ጋምቤላ እየወረደ፣ ባሮ በሚሞላበት ክረምት በመርከብ ወደ ሱዳን ሲሻገር ኖረ። በኋላ የጭነት መኪና ተተካ።

ስለ ኢልግ የሚነገረው ተረት ደስ ይላል። ንጉሡ ችሎታውን ለመፈተን በመጀመሪያ ጫማ ስፋልኝ አሉት፤ ሰፍቶ ቢያመጣ ደግሞ ጠመንጃ ሥራልኝ አሉት ይባላል። ድልድይና ባቡር የመጡት ከዚያ ወዲህ ነው።

ሌላው አፈ ታሪክ ግን ደስ አያሰኝም። በብዙ የአገራችን ክፍል ድልድይ ሲናድ ወይም ሰው ሲሰምጥ «ወንዙ ግብር ፈለገ» ማለት የተለመደ ነው። አዋሽም ለዚህ ወሬ የሚሆን ነገር አላጣም። በ1933 ዓ.ም. የጣልያን ጦር ሲሸሽ የአዋሽን ድልድዮች አፈራርሶ ሄዷል። ጥር 5 ቀን 1977 ዓ.ም. ደግሞ አዋሽ አካባቢ በገደል ላይ በተሠራ ጠመዝማዛ ድልድይ ላይ የመንገደኞች ባቡር ከሐዲዱ ወጥቶ ከ400 በላይ ሰዎች አለቁ። በአንደኛው ጊዜ የፈነዳው ድማሚት ነው። በሁለተኛው ጊዜ ባቡሩ መታጠፊያው ላይ ፍጥነቱን አልቀነሰም። ወንዙ ምንም አልጠየቀም።

ይህን ማንሳት ያስፈለገው በቡናው አገር ተመሳሳይ ወሬ ስለሚያጋጥም ነው። ሚዛንና ቴፒ ዙሪያ በዓመት ከ1,500 ሚሊሜትር በላይ ዝናብ ይጥላል። ከዋናው መንገድ ወደ ቡናው ጫካ የሚያስገቡ ብዙ መሻገሪያዎች ደግሞ የግንድ ናቸው። ግንድ ከላይ ጤነኛ መስሎ ከሥር ያረጃል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚበሰብሰው እርጥበትና አየር በሚፈራረቁበት፣ አፈሩን በሚነካበት ቦታ ነው። በዚያ ላይ ምስጥ አለ። የጫነ አይሱዙ ሲመጣ ይሰበራል፤ ከዚያ ወንዙ ይወቀሳል።

ጉዳቱ የሚከብደው በለቀማ ሰሞን ነው። አንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና ለማግኘት አምስት ወይም ስድስት ኪሎ እሸት ያስፈልጋል፤ ስለዚህ የሚጓጓዘው ሸክም ብዙ ነው። እሸቱ በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ በጆንያ ውስጥ ይሞቃል፣ ይኮመጥጣል። ድልድይ የተሰበረበት ገበሬ ዓመት ሙሉ የደከመበትን ቀይ እሸት ይዞ ወንዝ ዳር ያድራል፤ በማግሥቱ ነጋዴው ዋጋውን ይቆርጣል።

ሕዝቡ እስከ ዛሬ ቀበሌውን ገበሬ ማኅበር እያለ የሚጠራበት ቦታ ጥቂት አይደለም፤ የመሻገሪያውንም ጉዳይ የሚጠብቀው ከማኅበሩ መሪዎች ነው። ሥራው መሐንዲስ እስኪመጣ አይጠብቅም። ለቀማው ሳይጀመር፣ ውኃው ጎደል ባለ ሰሞን፣ ሁለት ሦስት ሰው ከድልድዩ ሥር ይግባ። የእያንዳንዱን ምሰሶ ግርጌ በገጀራ ጫፍ ይውጋ። ብረቱ ያለ ችግር ከገባ ምሰሶው ሞቷል፤ እስኪለወጥ ድረስ በሁለቱም ጫፍ ግንድ ተጋድሞ መኪና እንዳያልፍ ይከልከል፤ ጭነቱም በበቅሎና በሰው ይሻገር።