ኮፒውስ አይመለስ፤ መልሱስ?

«ዋናውንና የማይመለስ ፎቶ ኮፒ ይዛችሁ ቅረቡ»። የሥራ ማስታወቂያ ያነበበ ሁሉ ይህችን ዓረፍተ ነገር እንደ ስሙ ያውቃታል። ሰው በመቅጠር ሥራ ላይ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁና እኔም አውቃታለሁ። ኮፒው እንደማይመለስ ሥራ ፈላጊው ድሮ ተቀብሎታል። አልዋጥ ያለው መልሱም የማይመለስ መሆኑ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጁ ድሮ አራት ኪሎ ጋዜጣ ተከራይቶ፣ ዛሬ ደግሞ ቴሌግራም ሲያስስ አድሮ ማስታወቂያ ያገኛል። ገንዘብ ይበደርና ዲግሪውን፣ የሥራ ልምዱን ኮፒ ያስደርጋል። ሁለት ታክሲ ቀይሮ ይመጣል። ጥበቃው «ፖስታውን እዚያ ሳጥን ውስጥ ጣለው» ይለዋል። ጣለው! ቃሏን ልብ በሉልኝ። ከዚያ ወዲያ ስልኩ በጮኸ ቁጥር ልቡ ትዘላለች። ሳምንት ያልፋል፤ ወር ያልፋል። ፈተናውን ወድቆ ይሁን፣ ቦታው ተይዞ ይሁን፣ ፖስታው ሳይከፈት የሱቅ ስኳር መጠቅለያ ሆኖ ይሁን የሚነግረው የለም።

ለምን? ዘመድ የለውማ! እኛ አገር በቅጥር ጉዳይ «ግንኙነት» ሲባል ሌላ ትርጉም አለው። የአጎት ልጅ፣ የሚስት ወንድም፣ የአለቃ ወዳጅ... ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ! ማስታወቂያው ለወጉ ይለጠፋል፤ ባለ ዘመዱ ግን ወንበሩን አስቀድሞ ለክቶ ጨርሷል።

ሕጉማ አለ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ በብሔር፣ በፆታ፣ በሃይማኖትና በፖለቲካ አመለካከት በሠራተኞች መካከል እንዳያዳላ ይከለክላል። ታዲያ የትኛው አዋጅ ነው ቀጣሪውን «ስልክ አንሥተህ ላልተመረጠው ልጅ ንገረው» ብሎ የሚያዘው? ይህ የሕሊና ሥራ ነው።

የሙያ ጓደኞቼ «አምስት መቶ ሰው አመልክቶ ለማን ለማን እንደውል?» ይሉኛል። ለሁሉም ደውሉ አላልኩም። ላልታጩት የስም ዝርዝር በር ላይ መለጠፍ፣ አጭር የስልክ መልእክት መላክ ይበቃል። ቃለ መጠይቅ ተቀምጦ ላብ ያፈሰሰው ግን ድምፅ ይገባዋል። ስድስት ሰው ጠይቀን አንዱን ከቀጠርን የሚቀረው አምስት ስልክ ነው። ከአንድ ሻይ ሰዓት አይበልጥም እኮ!

አንድ ጊዜ የሒሳብ ባለሙያ ስንፈልግ አንዲት ልጅ የጽሑፉን ፈተና አልፋ ፒችትሪ ላይ ወደቀች። ደወልኩና «እህቴ፣ አልተመረጥሽም፤ ያጎደለሽ ይኼ ነው» አልኳት። ትንሽ ዝም ብላ፣ «ጋሼ፣ ሦስት ዓመት ሥራ ስፈልግ አልተመረጥሽም ብሎ የነገረኝ የመጀመሪያው ሰው እርስዎ ነዎት፤ እግዜር ይስጥልኝ» አለችኝ። እምቢ ተብሎ ምስጋና! ሥራ ፈላጊው ምን ያህል እንደተናቀ ከዚህ በላይ ማስረጃ አለ? ልጅቱ ያጎደላትን ተምራ ቦታ ሲከፈት እንደማንም ተወዳድራ ገባች። ዘመዴ አይደለችም፤ የት እንደተወለደች እስከ ዛሬ አላውቅም። የማውቀው ሥራዋን ነው።

እኔ የምለው ግንኙነት ይኼ ነው። ትከሻ መታ መታ እያደረጉ «አይዞህ፣ እንደውልልሃለን» ማለት አይደለም። ይህች ቃል የማይደውሉ ሰዎች መሰናበቻ ሆናለች። ደመወዙን «በስምምነት» ከሚል መጋረጃ ጀርባ ከመደበቅ ስንት እንደሆነ መናገር፣ ቦታው ለውስጥ ሰው የታሰበ ከሆነ የደሃ ልጅ የታክሲ ገንዘብ አለማስጨረስ፣ የወደቀውን በምን እንደወደቀ መንገር፤ በቃ፣ ይኸው ነው።

ጥቅሙ ደግሞ ለልጁ ብቻ አይደለም። ያው አዋጅ አሠሪው ሠራተኛውን የሚሞክርበት እስከ 60 የሥራ ቀን ይሰጠዋል። አመልካቹስ አሠሪውን የሚሞክረው መቼ ነው? መልስ በሚጠብቅበት ጊዜ ነው! ያን ጊዜ የተናቀ ባለሙያ ነገ በልመና ብትጠሩትም አይመጣ፤ ቢመጣም ልቡን ውጭ ትቶ ነው።

እናም እናንተ ቀጣሪዎች፣ ኮፒው አይመለስ፤ ግድ የለም። መልሱን ግን መልሱ!

ቸር ይግጠመን።