እረኛውን የረሳ ስሌት

ከአሰላ ተነሥቶ በበቆጂና በዶዶላ አድርጎ ወደ ባሌ ሮቤ የሚጓዝ መንገደኛ፣ ዲንሾ ሲደርስ የባሌን ተራሮች ያያል። በበጋ ወራት ከአስታው ቁጥቋጦ መካከል ጢስ ሲነሣ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። አብዛኞቻችን ጢሱን ስናይ «ደኑ አለቀ» ብለን እናዝናለን። ነገር ግን የሚነደውን እሳት፣ የሚያድገውን ተክልና የሚወርደውን ውኃ በአንድነት ሳናሰላ የተራራውን የወደፊት ዕጣ ማወቅ እንችላለንን?

የአየር ንብረት ለውጥ ተመራማሪዎች ይህንን ጥያቄ የሚመልሱት በሞዴል ነው። ሞዴል ስንል ተፈጥሮን በሒሳብ ቀመር አስመስሎ መግለጽ ማለታችን ነው። መሬቱ በአራት ማዕዘን ክፍሎች ይከፈላል፤ በየክፍሉ የዘነበው ውኃ ከተነነውና በጎርፍ ከሄደው ጋር ይተሳሰባል። አፈር ውስጥ በቀረው እርጥበት ተክል ያድጋል፤ ተክሉም በቅጠሉ ውኃ ያተናል፤ ሲደርቅ ደግሞ የእሳት ማገዶ ይሆናል። ከቃጠሎ በኋላ የተራቆተው አፈር ዝናቡን መያዝ ሲያቅተው ጎርፉ ይበረታል። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመውና በሉንድ፣ በፖትስዳምና በየና ከተሞች ስም የሚጠራው ኤል.ፒ.ጄ. ሞዴል ሦስቱንም አጣምሮ ያሰላል። ይህ ታላቅ እርምጃ ነው።

ሆኖም በእኛ እምነት እንዲህ ያለው ሞዴል ለባሌ እንዳለ ሊወሰድ አይገባውም። ምክንያታችን ሁለት ነው። አንደኛ፣ ዓለም አቀፍ ሞዴሎች ብዙ ጊዜ የሚሠሩበት አንድ ክፍል ግማሽ ዲግሪ፣ ማለትም በየጎኑ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከፍታው 4,377 ሜትር የሆነው ቱሉ ዲምቱና ከ2,000 ሜትር በታች የሚወርደው የሐረና ደን በአንድ ክፍል ገብተው በአንድ አማካይ ሙቀት ሊታሰቡ ይችላሉ። ብርዳማው ተራራና ሞቃታማው ጫካ ተቀላቅለው፣ በየትኛውም ቦታ የሌለ አየር ይፈጠራል ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ በ2003ቱ ሞዴል እሳት የሚሰላው ከማገዶው ብዛትና ከድርቀቱ ነው፤ እሳቱን የሚለኩሰው እረኛ በስሌቱ ውስጥ የለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ማስረሻ ፈጠነ የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት እንደሚያስረዳው፣ የባሌ አርብቶ አደሮች አስታውን የሚያቃጥሉት ለከብቶቻቸው ግጦሽ ለማግኘት ነው። አስታው ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል። በቅርቡ የተቃጠለው ቦታ በቂ ማገዶ ስለማይኖረው ቀጣዩን እሳት ያግዳል። ከጋርባ ጉራቻ ሐይቅ ደለል የተገኘውና እ.ኤ.አ. በ2019 የቀረበው የከሰል ቅሪት ጥናትም፣ እሳትና አስታ ላለፉት 14,000 ዓመታት አብረው እንደኖሩ ያመለክታል።

ይህንን ስንል እሳት አይጎዳም ማለታችን አይደለም። በ1992 ዓ.ም. በባሌና በቦረና ደኖች የተነሣው ቃጠሎ ተማሪዎችን፣ ወታደሮችንና ገበሬዎችን አሰልፎ፣ ከደቡብ አፍሪካ፣ ከጀርመንና ከአሜሪካ ጭምር ባለሙያ እስከማስጠራት አድርሷል። የሐረና ደን እንደ አስታው በቶሎ አያገግምም። ነገር ግን እሳትን ሁሉ መከልከል ብቻውን መፍትሔ አይሆንም። ለዓመታት ሳይነካ የተጠራቀመ ማገዶ በድርቅ ዓመት ቢቀጣጠል፣ ወደ ደኑ እንዳይዘልቅ የሚያግደው ምንድን ነው? ከእነዚህ ተራሮች የሚነሡት ወንዞች የዋቢ ሸበሌንና የገናሌን ተፋሰስ አልፈው እስከ ሶማሊያ ሕዝብ ያጠጣሉና፣ የስህተቱ ዋጋ በተራራው ላይ ብቻ አይቀርም።

ስለዚህ የባሌ ስሌት በባሌ መጀመር አለበት እንላለን። የመዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ሮቤ ላይ፣ በተራራው ግርጌ ይገኛል። እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ የተነሡት የላንድሳት ሳተላይት ምስሎች ከ2008 ወዲህ ለማንም በነጻ ይሰጣሉ። የትኛው ጥግ በየትኛው ዓመት እንደተቃጠለ በእነርሱ መመዝገብ ለአንድ ትጉህ ተማሪ የሚያቅት ሥራ አይደለም። በየከፍታው ዝናብን መለካት፣ የወንዞችን መጠን መከታተል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሽማግሌዎችን «መቼና ለምን ታቃጥሉ ነበር?» ብሎ መጠየቅ ይከተላል። መልሳቸው በቀመሩ ውስጥ ቦታ ሲያገኝ፣ ሞዴሉ የባሌን ተራሮች መምሰል ይጀምራል።