ለፊልቱ ውሾች ሥፍራ ስለ መከለል

ከነገሌ ቦረና ወደ ዶሎ ኦዶ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ፊልቱ በከብት፣ በግመል፣ በፍየልና በበግ ንግድ የምትኖር ከተማ ናት። በገበያ ቀን ባለግመሉ፣ ደላላው፣ ባለሱቁና የላኪው ወኪል በአንድ ሜዳ ይገናኛሉ፤ የአንዱም ትርፍ ከሌላው ትርፍ ጋር የተሳሰረ ነው። በዚያው ሜዳ ማንም ሳይጠራው የሚገኝ ሌላ ባለጉዳይ አለ፤ እርሱም ውሻ ነው። ነጋዴዎች ስለ ቀረጥ፣ ስለ መንገድና ስለ ውኃ ለመምከር በተሰበሰቡበት ጉባኤ የውሻ ነገር ቢነሣ ብዙዎች እንደ ቀልድ ይቆጥሩት ይሆናል። ይሁን እንጂ ነገሩ የሰው ሕይወትና የገበያ ስም ያለበት ስለ ሆነ በቀልድ የሚታለፍ አይደለም።

በውጭ አገር ከተሞች ውሻ ከማሰሪያው ተፈትቶ የሚሮጥበት የታጠረ መናፈሻ ማዘጋጀት የተለመደ ሆኗል። ከቀደምቶቹ አንዱ እ.ኤ.አ. በ1979 በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ግዛት፣ በበርክሌይ ከተማ የተጀመረው ነው። በእንዲህ ያሉ ከተሞች ውሻ በቤት ተዘግቶ ወይም በገመድ ተይዞ ስለሚውል፣ ለጥቂት ሰዓት የሚፈታበት ቦታ ያስፈልገዋል። የቆላው ከተማ ጉዳይ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። በዚህ ውሻው አስቀድሞም የተፈታ ነው። ስለዚህ ለፊልቱ ውሾች የታጠረ ሥፍራ የሚያስፈልገው ነፃነት እንዲያገኙ ሳይሆን፣ ከገበያውና ከእርዱ ቦታ ተለይተው እንዲታወቁ፣ እንዲቆጠሩና እንዲከተቡ ነው።

ውሻ ጥቅም የሌለው እንስሳ ነው የሚል ሰው የአርብቶ አደሩን ሌሊት አያውቅም። ጅብና ቀበሮ በበረቱ ዙሪያ ሲያንዣብቡ ባለመንጋውን የሚቀሰቅሰው የውሻው ጩኸት ነው። ወደ ገበያ የሚቀርበው ፍየል ከጅብ ጥርስ ተርፎ የመጣው በከፊል በውሻ ድካም መሆኑን ነጋዴው ሊዘነጋው አይገባም። ጉዳቱ የሚመጣው ይህ ጠቃሚ ጠባቂ ሳይከተብ፣ ባለቤቱ ሳይታወቅና ጥሬ የሆድ ዕቃ እየበላ በከተማ ሲዞር ነው።

ከጉዳቶቹ ሁሉ የከፋው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በዓለም የጤና ድርጅት ግምት መሠረት ይህ በሽታ በያመቱ 59,000 ያህል ሰዎችን ይገድላል፤ ሰውን ከሚይዘውም ከ100 እጅ 99ኙ የሚመጣው ከውሻ ነው። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን ሰው የለም ለማለት ይቻላል። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በውኃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ፣ ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ሄዶ ክትባት መጀመር አለበት። ነገር ግን ከሐኪም ቤት ርቆ የሚኖር የእረኛ ልጅ ይህን በጊዜው ለማግኘት ይቸገራል። በሽታው በሰው ብቻ አይወሰንም፤ ግመልንም፣ ከብትንም፣ ፍየልንም ይገድላል። በባሌ ተራሮች የሚኖረው፣ በዓለም ላይ ከ500 የማይበልጥ ጎልማሳ የቀረው ቀይ ቀበሮ እንኳ ከባለመንጋዎች ውሾች በተላለፈ በዚሁ በሽታ በተደጋጋሚ ብዙ አልቋል።

ሁለተኛው ጉዳት ቀስ ብሎ የሚሠራ በመሆኑ ብዙ ጊዜ ሳይታወቅ ያልፋል። በታረደ እንስሳ ጉበትና ሳንባ ላይ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ሲገኝ፣ አራጁ ክፍሉን ቆርጦ ለውሻ ይወረውረዋል። ውሻው ያንን በጥሬው ሲበላ የትሉ ዘር በአንጀቱ ውስጥ ያድጋል፤ ዕንቁላሉም ከኩሱ ጋር ወጥቶ በሣርና በውኃ ላይ ይበተናል። ከዚያ የጋጠው እንስሳ በተራው በጉበቱ ከረጢት ያበቅላል፤ ሰውም ባልታጠበ እጅ ወይም በተበከለ ውኃ ምክንያት በዚሁ በሽታ ይያዛል። ከዚህ ጋር የሚዛመድ ሌላ የውሻ ትል ደግሞ ወደ በግና ወደ ፍየል አንጎል ገብቶ፣ እንስሳዋ በአንድ ቦታ እየተሽከረከረች እንድትወድቅ ያደርጋል። ስለዚህ በቄራ የሚጣለው ጉበትና ሳንባ የሥጋ ነጋዴው ኪሣራ ነው፤ ኪሣራውንም በየቀኑ የሚያድሰው ለውሻ የሚወረወረው ጥሬ ቁራጭ ነው።

የእንስሳት ላኪዎች በሽታ ገበያን እንዴት እንደሚዘጋ ከማንም ይበልጥ ያውቃሉ። እ.ኤ.አ. በ1998፣ ዳግመኛም በ2000፣ ሳዑዲ ዓረቢያ በስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ምክንያት ከአፍሪካ ቀንድ የሚሄደውን የቁም እንስሳ ባገደች ጊዜ፣ የሶማሌ ክልል ባለመንጋም ነጋዴም ብርቱ ጉዳት ደርሶባቸዋል። ያ በሽታ ከውሻ የሚመጣ አይደለም። ትምህርቱ ግን ለሁሉም በሽታ ይሠራል፤ ገዢ አገር የሚገዛው እንስሳውን ብቻ ሳይሆን የተነሣበትን ቦታ የጤና ስምም ጭምር ነው።

እንግዲህ ሥራው ከሁለት አጥሮች ይጀምራል። የመጀመሪያው በእርዱ ቦታ ዙሪያ የሚቆመው ነው፤ በውስጡም የተበላሸው ጉበትና ሳንባ የሚቀበርበት ክዳን ያለው ጥልቅ ጉድጓድ ይቆፈራል። ሁለተኛው ከገበያው፣ ከመኖሪያውና ከብርካው ርቆ የሚታጠር የውሾች ሥፍራ ነው። ለዚህ የቆላው የግራር እሾህ፣ ጥቂት ጥላና አንድ የውኃ ገንዳ ይበቃሉ። ንጹሕ የሆነው ትርፍራፊ በደንብ ተቀቅሎ በዚያ ብቻ ይሰጥ። “ውሻ በበላበት ይጮኻል” እንደ ተባለው፣ ምግቡ ወደ አጥሩ ሲዛወር ውሻውም ወደዚያው ይዛወራል፤ ምግቡ በገበያው ሜዳ እስካለ ድረስ ግን የትኛውም አጥር አይጠቅምም። በተወሰነ ቀን የእንስሳት ሐኪም በዚያ ተገኝቶ ይከትብ፣ የትል መድኃኒትም ይስጥ፤ ባለቤቱ ወረቀት ይቀበል፣ የተከተበውም ውሻ ባለቀለም ጨርቅ ባንገቱ ይታሰርለት። ከውሾች 70 እጅ የሚሆኑት በየጊዜው ቢከተቡ በሽታው መተላለፉን ሊያቆም እንደሚችል የዓለም የጤና ድርጅት ያስረዳል። ሜክሲኮ በተከታታይ ዓመታት ውሾቿን በብዛት በመከተብ፣ ከውሻ የሚመጣውን የሰው ሞት ማስቀረቷ እ.ኤ.አ. በ2019 በዚሁ ድርጅት ተረጋግጦላታል።

“መርዝ ይቀላል” የሚሉ አይጠፉም። መርዝ ግን የተከተበውን ካልተከተበው፣ ጠባቂውን ከባለቤት አልባው አይለይም፤ ፍየልም ሕፃንም ሊያገኘው ይችላል። ቆሻሻው በቦታው እስካለ ድረስም የሞተው ውሻ ሥፍራ ባልተከተበ መጤ ይሞላል። ሌሎች ደግሞ በእስልምና ሥርዓት የውሻ ምራቅ የነካው ዕቃ መታጠብ ያለበት መሆኑን አንሥተው፣ ለውሻ ሥፍራ መከለል ምን ያደርጋል ይላሉ። ነገር ግን ሃይማኖቱ ለመንጋ ጥበቃና ለአደን የሚያዝ ውሻን አይከለክልም። ውሻው የራሱ ሥፍራ ቢኖረው በሱቅ ደጃፍ፣ በሥጋ ቤትና በመስጊድ በር አጠገብ መዞሩ ይቀንሳል፤ ይህም ሥርዓቱን ለመጠበቅ ይረዳል እንጂ አይቃረንም።

ወጪውን በተመለከተ፣ ሸክሙን ለከተማው አስተዳደር ብቻ መተው ተገቢ አይሆንም። የእንስሳ ላኪው ለክትባቱ፣ ሥጋ ነጋዴው ለጉድጓዱ፣ ባለሱቁ ለበሩና ለገንዳው ቢያዋጣ፣ አርብቶ አደሩም እሾሁን ቆርጦ ቢያጥር የማንም ኪስ አይጎዳም። “ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው” ይባላል። የአስተዳደሩና የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች ድርሻ ቦታውን መወሰን፣ መመዝገብና መቆጣጠር ይሆናል።

ፊልቱ ሥራውን ብትጀምር፣ ነገሌ ቦረናና ሌሎቹ የቆላ ከተሞች ከእርሷ ሊማሩ ይችላሉ። የነጋዴው ማኅበር በሚቀጥለው ስብሰባው ስለ ቀረጥና ስለ መንገድ ከመከረ በኋላ፣ ይህን ጉዳይ በመጨረሻው ተራ አኑሮ ሳያልፈው አንድ ኮሚቴ ቢመርጥለት መልካም ነው። አንድ የእረኛ ልጅ ተነክሶ ከሞተ በኋላ የሚታጠር አጥር ለሚቀጥለው ልጅ ይጠቅም ይሆናል፤ ለመጀመሪያው ግን አይደርስለትም።