ለኮሪያ ጎንበስ፣ ለአያት ቀና?

የዛሬውን የደብረ ማርቆስ ወጣት ስለ ኮሪያ ሥርዓት ጠይቁት፤ አንድ በአንድ ይዘረዝራል። ዕቃ በሁለት እጅ ይሰጣል፣ በሁለት እጅ ይቀበሉታል። ትልቅ ሰው ማንኪያ ሳያነሳ ገበታ አይነካም። በታላቅ ፊት የሚጠጣ ፊቱን ወደ ጎን ያዞራል። ጫማ በር ላይ ይወልቃል። ይህን ሁሉ ከድራማ ተምሮታል። ትምህርቱ አይከፋም፤ የነጻ ትምህርት ዕድል አግኝቶ ሴኡል የሚሄድ ልጅ ይህን ካላወቀ ይቸገራል።

የሚከፋው ሌላ ነው። ያው ወጣት አያቱ ሲገቡ ከመቀመጫው አይነሳም። "ኖር" ማለት የባላገር ነገር ሆኖበታል። በቀኝ እጅ ሲቀበሉ ግራውን ከክርን ሥር ማስደገፍ፣ እንግዳ እጅ ማስታጠብ፣ ታላቅን "አንቱ" ማለት፣ ሁሉም "ኋላ ቀርነት" ነው። ኮሪያዊው ክንዱን ደግፎ ሲሰጥ ግን "እንዴት ያሉ ጨዋዎች ናቸው!" ይላል። ልዩነቱ ምንድን ነው? ኮሪያኛም እኮ እንደ "መጣ" እና "መጡ" ለታናሽና ለታላቅ ግሱን የሚለይ ቋንቋ ነው።

"ሥርዓት አላሳደገንም" የሚል መልስ ይመጣል። የቃኘው ሻለቃ በ1943 ዓ.ም. ፑሳን ሲደርስ ኮሪያ በጦርነት የፈረሰች ድሃ አገር ነበረች። ከ6,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ተራ በተራ ዘመቱላት፤ ከ120 በላይ ሞቱላት። ዛሬ ቹንቾን ከተማ መታሰቢያ አላቸው። ያቺ አገር መኪናና ስልክ ሠርታ ለዓለም የምትሸጠው እየጎነበሰች ነው። መጎንበሱ ፋብሪካ አልሠራላትም፤ ፋብሪካ ከመሥራትም አላገዳትም።

"ይሉኝታ አፍ ይዘጋል" የሚለው ክርክር ግን እውነት አለው። በጎጃም ስንት ልጃገረድ ያለ ዕድሜዋ ስትዳር "አባት ፊት አይመለስም" ተብላ ዝም ብላለች። ኮሪያም ከዚህ አላመለጠችም። በ1997 እ.ኤ.አ. የኮሪያ አየር መንገድ አውሮፕላን ጉዋም ላይ ተከስክሶ 228 ሰው ሲሞት፣ መርማሪዎች ከዋናው አብራሪ ስህተት ጋር ባልደረቦቹ እሱን ተከታትለው አለማረማቸውን ጠቀሱ። ብዙዎችም ነገሩን አለቃን ከመፍራት ጋር አያያዙት። አየር መንገዱ ሥልጠናውን ለወጠ፤ የበታች አብራሪ እንዲናገር ተደረገ። ቤት ውስጥ ግን ለአያት መጎንበስ አልቀረም። አክብሮትንና ፍርሃትን ለዩ ማለት ይህ ነው።

ደብረ ማርቆስም የሚያስፈልጋት ይኸው ነው። ልጁ ለአያቱ ይነሳ፤ ልጅቱም "አልዳርም" ስትል ትሰማ። አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

ኮሪያውያን ሥርዓታቸውን ለእንግዳ ጽፈው የሚሰጡት ስላላፈሩበት ነው። ነገ አንድ የውጭ እንግዳ ጎጃም ቤት ገብቶ ሰው ሁሉ ለምን እንደተነሳለት ቢጠይቅ፣ የሚያስረዳው ወጣት ከጠፋ ጥፋቱ የድራማው አይደለም።