በእጅ የተሠራ ስጦታ

ስጦታ ሲባል ዛሬ በብዙዎች አእምሮ ቀድሞ የሚመጣው ሱቅ ነው። በዓል ሲቃረብ፣ ወዳጅ ሲመረቅ፣ ዘመድ ልጁን ሲድር መጀመሪያ የሚነሣው ጥያቄ «ምን ይገዛለት?» የሚል ነው እንጂ «ምን ይሠራለት?» የሚል አይደለም። ከጥያቄው ጋር የገንዘብ ጭንቀት አብሮ ይመጣል። ገንዘብ ያለው ገዝቶ ይሄዳል፤ የሌለው ይበደራል፤ መበደርም ያልቻለ ሰበብ ፈልጎ ከግብዣው ይቀራል። ይህ የመጨረሻው ነገር እንደ ቀላል ሊታይ አይገባውም። የክፍል ጓደኛዋ ባከበረችው የልደት ቀን «አሞኝ ነበር» ብላ የቀረች ልጃገረድ ምናልባት አንዳች አላመማትም ይሆናል፤ ባዶ እጅዋን መሄድ አፍራ ነው። ወዳጅዋን እየወደደች፣ ጥቂት ብር በማጣትዋ ብቻ ከወዳጅዋ ደስታ ትርቃለች።

ይህ ዓይነቱ እፍረት ግን ከጥንት የወረደ አይደለም። በአገሩ ልማድ ስጦታ በአብዛኛው ከቤት የሚወጣ፣ በሰጪው እጅ የተዘጋጀ ነገር ነበር፤ በብዙ ቦታም እስከ ዛሬ እንዲሁ ነው። መስከረም 1 ቀን ልጃገረዶች ከሜዳ የለቀሙትን አበባ ከለምለም ሣር ጋር አስረው፣ «አበባየሆሽ» እያሉ ከቤት ወደ ቤት ይዞራሉ። ወንዶች ልጆችም አበባ፣ ፀሐይ፣ ወፍ ወይም መልአክ ሥለው፣ በቀለም አስጊጠው ለጎረቤትና ለዘመድ ያበረክታሉ። ለዚህ የሚያስፈልገው ወረቀትና ጥቂት ቀለም ብቻ ነው። በቡሄ በዓል፣ ነሐሴ 13 ቀን፣ በየቤቱ የሚጋገረው ሙልሙል እየጨፈሩ ለሚመጡ ልጆች ይታደላል። የሐረር ሴቶች በስፌት ሥራቸው የታወቁ ናቸው። በቤታቸው ግድግዳ ላይ ተደርድረው ከሚታዩት ስፌቶች መካከልም ለሠርግ የተበረከቱ ይገኙባቸዋል። በእነዚህ ሁሉ ዘንድ ሰጪው «ስንት አወጣህ?» ተብሎ አይጠየቅም። የሚታየው የእጁ ሥራ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የእጅ ሥራ ስጦታን ምንነት አጉልቶ የሚያሳየው ጋቢ ነው። እናት ወደ ሩቅ አገር ለሚሄድ ልጅዋ ጋቢ ልትሰጥ ስታስብ ሥራውን የምትጀምረው ከጥጡ ነው። ጥጡ ተዳምጦ ፍሬው ይለያል፤ በደጋን ተነድፎ ይባዘታል፤ ከዚያ በኋላ በእንዝርት ይፈተላል። ፈትሉም ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው የሚሠሩት ሥራ አይደለም። ወጡ እስኪበስል፣ ቡናው እስኪፈላ፣ ጎረቤት መጥታ እስክትጫወት ድረስ በተገኘችው ትርፍ ጊዜ ሁሉ እንዝርቱ ይሾራል። ልቃቂቱ ተጠራቅሞ ለሸማኔ የሚበቃ እስኪሆን ድረስ ወራት ያልፋሉ። ሸማኔውም ድሩን አድርቶ፣ ማጉን በመወርወሪያ እያመላለሰ ከሸመነው በኋላ አራት ድርብ ሆኖ ይሰፋና ጋቢ ይሆናል።

እርግጥ ነው፣ በአዲስ አበባ ሺሮ ሜዳ ከተደረደሩት ጋቢዎች መካከል ከዚህኛው የነጣና ክሩ የተስተካከለ ሊገኝ ይችላል። ልጁ ግን በዚያ ልለውጠው ብሎ አያስብም። እናቱ ያን ያህል ወራት ስለ እርሱ እያሰበች እንደ ፈተለች ያውቃል። ከሱቅ የተገዛ ዕቃ ገዢው ለአንድ አፍታ ያሰበበት ሊሆን ይችላል፤ በእጅ የተሠራው ግን ሳይታሰብበት ሊሠራ አይችልም። የሚሠራለት ሰው ቁመት፣ የሚወደው ቀለም፣ የሚሄድበት አገር ብርድና ሙቀት ሁሉ በሥራው ውስጥ መግባት አለባቸው። ለሰው ስጦታ የሚሠራ ሰው ያን ሰው በሚገባ ለማወቅ ይገደዳል። ምናልባትም የእጅ ሥራ ስጦታ ትልቁ ጥቅም ከተቀባዩ ይልቅ በሰጪው ላይ የሚታየው ስለዚህ ነው።

ይህንኑ ነገር በዋሽንግተን ወይም በቴል አቪቭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ከማንም ይበልጥ ያውቁታል። ከአገር ቤት መንገደኛ መጣ ሲባል ሻንጣው በስንት ጉጉት ይጠበቃል! ሲከፈትም በአብዛኛው የሚወጣው ሽሮ፣ በርበሬ፣ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ ነው። በእነዚያ ከተሞች ሽሮና በርበሬ የሚሸጥባቸው ሱቆች ጠፍተው አይደለም። ነገር ግን በሱቁ በርበሬ ውስጥ ኮረሪማው በዛ፣ ነጭ አዝሙዱ አነሰ የሚል ልጅ እናቱ ስታዘጋጀው እንዴት እንደምትመጥነው ስለሚያስታውስ ነው። እናቲቱም ልጅዋ የሚያቃጥል በርበሬ እንደማይወድ ታውቃለች። ይህን የሚያውቅ ነጋዴ በየትኛውም ከተማ አይገኝም።

የተገዛው በተሠራው ቦታ ሲገባ ምን እንደሚሆን ለማየት በሌላ አገር የተፈጸመ አንድ ታሪክ ይጠቅማል። አና ጃርቪስ የተባለች አሜሪካዊት የሞተችባትን እናትዋን ለማሰብ እ.ኤ.አ. በ1908 ያስጀመረችው መታሰቢያ፣ ከ6 ዓመት በኋላ በ1914 በፕሬዚዳንት ውድሮው ዊልሰን ዐዋጅ የእናቶች ቀን ተብሎ በአገሩ ሁሉ የሚከበር ሆነ። ብዙም ሳይቆይ ግን የአበባ፣ የከረሜላና የታተመ ካርድ ነጋዴዎች በዓሉን ገበያ አደረጉት። ጃርቪስ ልጅ ለእናቱ በገዛ እጁ ሊጽፈው የሚገባውን ደብዳቤ የታተመ ካርድ ሊተካው አይገባም ስትል አጥብቃ ተቃወመች። በኋላም ራስዋ ያቋቋመችው በዓል እንዲቀር እስከ መታገል ደረሰች። በ1948 እስክትሞት ድረስም አቋምዋን አልለወጠችም። በዓሉን ማስቀረት አልቻለችም፤ ምናልባትም ማስቀረቱ ተገቢ አልነበረም። ስለ ደብዳቤው የተናገረችው ግን ትክክል ነበር። በአዲስ አበባም ሆነ በሌሎች ከተሞች የእንቁጣጣሽን ሥዕል በማሽን አባዝተው የሚያዞሩ ልጆች ዛሬ አሉ። የአንዱ ቤት ሥዕል ከሌላው ቤት ሥዕል በምንም አይለይም፤ ጎረቤቱም ሥዕሉን አይቶ «ይህን የሣለው የማን ልጅ ነው?» ብሎ የሚጠይቅበት ምክንያት አይኖረውም።

የተገዛ ስጦታ ሌላም ችግር አለው። «ብድር በምድር» እንደሚባለው፣ የተቀበለ ሰው መመለስ እንዳለበት ያውቃል። አንዱ ቤተሰብ ለጎረቤቱ ልጅ ምርቃት ውድ ሰዓት ቢሰጥ፣ ጎረቤቱ በተራው ከዚያ የማያንስ ነገር እንዲያመጣ ሳይነገረው ይጠበቅበታል። ደመወዙ ይቻለው አይቻለው ማንም አይጠይቅለትም። እንዲህ እየሆነ ስጦታው ሰውን የሚያቀራርብ መሆኑ ይቀርና የአቅም መለኪያ ይሆናል። በእጅ በተሠራ ነገር ግን እንዲህ ዓይነቱ ፉክክር ብዙ ርቀት አይሄድም። ድፎ ዳቦ ያመጣችን ጎረቤት በሌላ ቀን ዳቦ ወይም አንድ ጠርሙስ ጠጅ በመላክ ማመስገን ይቻላል፤ በዚህም የሚጨነቅ ቤተሰብ የለም።

ይሁን እንጂ የእጅ ሥራን ማመስገን ቀላል ሆኖ ሳለ፣ ሥራው በማን ትከሻ ላይ እንደሚወድቅ መርሳትም እንደዚያው ቀላል ነው። ከላይ የተነገሩት ጋቢ፣ በርበሬ፣ ስፌትና ሙልሙል ድካማቸው ከሞላ ጎደል የሴቶች ነው። ወንድ ልጅ ጋቢውን ለበሰ እንጂ አልፈተለም። እናቱና እኅቱ የሠሩትን እየተቀበለ እርሱ ግን በአጸፋው አንድም ነገር በእጁ ሠርቶ የማይሰጥ ከሆነ፣ የእጅ ሥራ ስጦታ ውበቱ ስለ ሴቶች ድካም የሚነገር ማባበያ ከመሆን አያልፍም። ከድሮ የመጣ ልማድ ስለ ሆነ ብቻ ሁሉም እንደ ነበረ ይቀጥል ማለት ተገቢ አይደለም። ወንዱም ለእናቱ ይሥራ። የዳቦ ሊጥ ማቡካት ወይም የተሰበረ ወንበር መጠገን የሚከለክለው ሕግ የለም።

ደግሞም በእጅ የተሠራ ሁሉ ርካሽ ነው፣ በእጅ የተሠራ ሁሉ መልካም ነው ማለት አይቻልም። ጥሩ መሶብ ዛሬ ገበያ ላይ ዋጋው ውድ ነው፤ ስንደዶውና አክርማው፣ የአለላው ቀለም፣ ከሁሉም በላይ በወስፌ አንድ በአንድ የሚሰፋበት ጊዜ ታስቦ ሲታይ ውድ መሆኑ አያስደንቅም። በችኮላ የተሠራ፣ በሁለተኛው ቀን የሚፈታ ነገር ሰጥቶ «ዋናው ሐሳቡ ነው» ማለትም ተቀባዩን መናቅ ነው። ሠሪው የሚችለውን ያህል አሳምሮ መሥራት አለበት። ሌላው ቀርቶ የእጅ ሥራ ጨርሶ የማይገባበት ጊዜም አለ። ቤተሰቡ ለታመመ ልጁ መድኃኒት መግዣ ላጣ ሰው የሚያስፈልገው ያጌጠ ካርድ አይደለም፤ ገንዘብ ነው። የቀብርና የሐዘን ወጪን ዕድርተኞች በገንዘብ መዋጮ መሸፈናቸው ይህን በሚገባ ስለሚያውቁ ነው።

እንግዲህ ገንዘብ የሌለው፣ ትርፍ ጊዜ ግን ያለው ተማሪ ምን ሊሠራ ይችላል? ለታናሽ ወንድም ከሽቦ መኪና ሠርቶ በቆርኪ ጎማ ማቆም፣ ወይም ካረጀ ካልሲና ከቁራጭ ጨርቅ ኳስ መስፋት በየሰፈሩ የታወቀ ሙያ ነው። ባለፈው ዓመት ደብተሮች ውስጥ ሳይጻፍባቸው የቀሩትን ገጾች ለይቶ፣ በመርፌና በክር ሰፍቶ፣ ከጠንካራ ወረቀት ሽፋን አበጅቶ መስጠትም ይቻላል። ባዶ የቆርቆሮ ጣሳ ሥሩ ተበስቶ አፈር ሲሞላና ጤና አዳም ሲተከልበት፣ ቡና ለምትወድ አክስት ከዚህ የሚሻል ስጦታ ማግኘት ያስቸግራል፤ ቡናዋን ባፈላች ቁጥር አንድ ቅጠል እየቀነጠሰች ከስኒዋ ትጨምራለች።

ከሁሉም የሚበልጥ፣ ነገር ግን እስካሁን ጥቂቶች ብቻ ያሰቡበት ሌላ ስጦታ አለ። በብዙ ቤት መጻፍና ማንበብ ያልተማሩ አያት አሉ። እኒህ አያት የሰባት ቤት የዘር ሐረግ በቃላቸው ይቆጥራሉ፤ የተወለዱበትን መንደር ወንዝና ተራራ በስሙ ይጠራሉ፤ በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. ስለ ነበረው ድርቅና ረኃብ ያዩትን ያስታውሳሉ፤ እንዴት እንደ ተዳሩ፣ በስንት ዓመታቸው ወደ ከተማ እንደ ገቡ፣ የመጀመሪያ ልጃቸውን በምን ዓይነት ሌሊት እንደ ወለዱ ይናገራሉ። ይህ ሁሉ የተጻፈበት ቦታ የለም። አያት ሲያልፉ አብሮ ያልፋል፤ በየሠፈሩም ዛሬ በአንዱ ቤት፣ ነገ በሌላው ቤት እያለፈ ነው። መጻፍ የሚያውቀው የልጅ ልጅ ግን ሊያስቀረው ይችላል። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ደብተርና አንድ እስክሪብቶ ነው።

ሥራው በአንድ ቀን አያልቅም። እሑድ እሑድ ቡና ሲፈላ ቀረብ ብሎ መቀመጥ፣ አንድ ነገር ብቻ ጠይቆ የሚመጣውን ሁሉ በትዕግሥት መስማት ያስፈልጋል። አያት ከተጠየቁት ወደ ሌላ ቢሄዱ ማቋረጥ አይገባም፤ ብዙ ጊዜ ያልተጠየቀው ከተጠየቀው ይበልጣል። ቃላቸውም እንዳለ ይጻፍ እንጂ በትምህርት ቤት ቋንቋ አይለወጥ። ከዚያ በኋላ ማታ ቤቱ ሲረጋጋ በንጹሕ ጽሕፈት ይገለበጣል፤ ስሞቹና ቦታዎቹ ዳግመኛ ይጠየቃሉ። ደብተሩ ሲሞላ ሽፋን ይበጅለትና ቤተሰቡ በተሰበሰበበት ቀን፣ ምናልባት በእንቁጣጣሽ ወይም በዒድ፣ ለአያት ይሰጥና ጮክ ተብሎ ይነበብላቸዋል። በዚያን ጊዜ አያት ንባቡን በየመሐሉ ማስቆማቸው አይቀርም፦ ወንዙ በዚያ በኩል አልነበረም፤ በቅሎዋም ነጭ ሳትሆን ዳለቻ ነበረች። የልጅ ልጅም እስክሪብቶውን አንሥቶ ያርመዋል።